ኮምፒውተሩ ከመመለሱ በፊት መልሱን ገምቱ

ቂሊንጦ የሚማሩ የምህንድስና ልጆች ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ የትኛውን ሶፍትዌር ብንማር ይሻለናል?» ይሉኛል። ሲቪል የሚያጠናው ኢታብስና ሳፕን ይጠራል፤ መካኒካል የሚያጠናው ሶሊድወርክስና ካቲያን፤ የኤሌክትሪኩ ማትላብን። አንዱ የሁለት ወር ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት የያዘ ጓደኛውን እያየ ይጨነቃል፤ ሌላዋ ላፕቶፕ ስለሌላት ከወዲሁ ወደ ኋላ የቀረች ይመስላታል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ የሶፍትዌር ስም ይደረድራል፤ የመውጫ ፈተናውም በሌላ በኩል ይጠብቃቸዋል። መልስ አለኝ፤ ግን የአንድ ሶፍትዌር ስም ጠርቼ የምጨርሰው አይደለም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አቃቂ ነው። ከአምስት ኪሎ ተመርቄ ስወጣ በፋብሪካ ጥገና ክፍል ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ሥራዬ መለዋወጫ መንደፍና ማስቀረጽ ነበር። ያኔ ንድፍ የሚወጣው በሰፊ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ፣ በቲ-ስኩዌር፣ በራፒዶግራፍና በትሬሲንግ ወረቀት ነው። አውቶካድ በውጭ አገር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ቢሆንም እኛ ዘንድ የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። ሲደርስ ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። በጠረጴዛው ላይ ጥሩ ንድፍ ያወጣ የነበረ ሰው ትእዛዞቹን እንደለመደ ጥሩ ንድፍ ማውጣቱን ቀጠለ። ዕቃውን ከየት በኩል እንደሚያሳይ፣ የት ላይ ቆርጦ ውስጡን እንደሚገልጥ፣ ቶርኖ ላይ ለቆመው ሠራተኛ የትኛው ልኬት እንደሚያስፈልገው ቀድሞ ያውቅ ነበርና። ይህን የማያውቀው ሰው ደግሞ የተሳሳተ ንድፍ በፍጥነት ማውጣት ቻለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሶፍትዌር መጥቶ ብዙ ሶፍትዌር ሄዷል፤ ይህ ግን ሲለወጥ አላየሁም።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው። ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት መልሱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን በወረቀት ጻፉ። ትክክለኛውን ቁጥር አይደለም የምላችሁ፤ አሥር ነው፣ መቶ ነው ወይስ ሺህ? ያንን ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን ጠይቁት። ሁለቱ ከተቀራረቡ ሥራችሁን ቀጥሉ። ከተራራቁ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ከወንበራችሁ አትነሱ። በኔ ዕድሜ ጥሩ መሐንዲስ ሆኖ ያየሁት ሰው ሁሉ ይህ ልማድ ነበረው።

እናንተ የምትማሩበት ሰፈር ለዚህ የተመቸ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ በመንገዱ ላይ ነበረች። ሐዲዱና የአቃቂ ወንዝ ፋብሪካ ጠሩ፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካው፣ የመለዋወጫ ፋብሪካው ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ተደረደረ። የናንተው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. ተቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል የተተከለው በነዚህ ፋብሪካዎች ጉያ ነው። ከግቢያችሁ ወጥታችሁ ታክሲ ብትይዙ የተሰበረ ማሽን የማይገኝበት ሰፈር አታልፉም። ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ እንደልብ ስለማይገኝም የተሰበረው ዕቃ እየተለካ እዚሁ ይቀረጻል። ከዚህ የበለጠ የሶፍትዌር መለማመጃ የት ይገኛል?

ለምሳሌ አንድ ጥርሱ የረገፈ ጊር እጃችሁ ገባ እንበል። ካሊፐር አውጥታችሁ ውጫዊ ዲያሜትሩን ለካችሁ፤ 93.1 ሚሊ ሜትር ሆነ። የረገፉትን ጨምራችሁ ጥርሶቹን ቆጠራችሁ፤ 42 ናቸው። ክፍል ውስጥ እንደተማራችሁት ሞጁሉን ለማግኘት ውጫዊውን ዲያሜትር በጥርሱ ቁጥር ላይ 2 ደምራችሁ ታካፍላላችሁ፤ 93.1 ለ44፣ 2.116 ይመጣል። ሶሊድወርክስ ይህን ቁጥር ሲሰጡት አይከራከርም። ሞጁሉ 2.116 የሆነ ያማረ ጊር ስሎ በስክሪኑ ላይ እያሽከረከረ ያሳያችኋል።

ነገር ግን 2.116 የሚባል የሜትሪክ ሞጁል የለም። 2 አለ፣ 2.25 አለ፣ 2.5 አለ። እዚህ ላይ የሚነቃ ተማሪ ማሽኑ ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቃል። በኢንች የሚለካ አሮጌ ማሽን ከሆነ ጊሩ የተቆረጠው በዲያሜትራል ፒች ነው፤ 25.4ን ለ12 ብታካፍሉ 2.117 ታገኛላችሁ። ጊሩ ባለ 12 ፒች ነው ማለት ነው። ልኬታችሁ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ሥርዓቱ ነው። ይህን ሳያውቅ «ለ2 ይቀርባል» ብሎ ሞጁል 2 ያስቆረጠ ሰው ውጫዊ ዲያሜትሩ 88 ሚሊ ሜትር የሆነ ጊር ይረከባል፤ ከጓደኛው ጊር ጋር አይገጥምም፤ ብረቱም የቆራጩም ድካም ከንቱ ይቀራል። ከዚህ በተጨማሪ አሮጌ ጊሮች የጥርስ ግፊት ማዕዘናቸው 14.5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ግን ካልነገራችሁት 20 ዲግሪ ብሎ ሊጀምር ይችላል። ሁለቱ ማዕዘኖች ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ሲገጣጠሙ ግን ይፋጫሉ፣ ይጮኻሉ፣ ቶሎ ይበላሉ።

አንድ ጊር ለክቶ፣ ከየትኛው ሥርዓት እንደሆነ ለይቶ፣ በሶፍትዌር ነድፎ፣ ቶርኖና ፍሬዛ ቤት ወስዶ አስቀርጾ፣ ማሽኑ ላይ ገጥሞ ሲዞር ያየ ተማሪ ሦስት ሰርተፊኬት ከሰበሰበው ይልቅ ሶሊድወርክስን ያውቃል። በዚህ አልጠራጠርም።

ስለ ልኬት ካነሳሁ ኩሽኔታውንም ላንሳ፤ ወጣቶቹ ንድፍ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ጉድለት ነውና። 6205 የሚባለውን ኩሽኔታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ተማሪው ሻፍቱን 25 ብሎ ይነድፋል፤ ስክሪኑ ላይ ልክ ገጠመ። ወረቀቱን የተቀበለው ቶርኖ ሠሪ ግን 25 የሚለውን ብቻ አይቶ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚቀርጽ አያውቅም። 24.9 ካደረገው ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ኬ6 የተባለውን የመገጣጠሚያ ደረጃ ብትመርጡ ሻፍቱ ከ25.002 እስከ 25.015 ባለው ውስጥ መውደቅ አለበት። ይህን በንድፋችሁ ላይ መጻፍ የናንተ ድርሻ ነው፤ ሶፍትዌሩ አይጽፍላችሁም። ንድፍ የሚሠራው ሊቀርጸው ለቆመ ሰው ነው። ስለዚህ ንድፋችሁን ከመምህሩ በፊት ለአንድ ልምድ ላለው ቶርኖ ሠሪ አሳዩት፤ «ይህን እንዴት ነው የምይዘው?» ብሎ ከጠየቃችሁ የጎደለ ነገር አለ።

ወደ ሲቪል ልጆች ልምጣ። ኢታብስ በአገራችን የሕንፃ ዲዛይን ቢሮዎች ውስጥ እጅግ የተለመደ ነው። አሥር ፎቅ በአንድ ቀን አቁሞ፣ ጭኖ፣ የፌሮውን መጠን ሲሰጥ ሲያዩት የሚያስደንቅ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ሆኖም ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት ሁለት ነገር በእጃችሁ አስሉ። አንደኛው የሕንፃው ጠቅላላ ክብደት ነው። ተራ የአርማታ ሕንፃ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኒውተን ያህል ይመዝናል። ወለሉ 200 ካሬ የሆነ ባለ አምስት ወለል ሕንፃ ከ10 ሺህ እስከ 12 ሺህ ኪሎ ኒውተን አካባቢ መሆን አለበት። ሶፍትዌሩ ከመሠረቱ ሥር የሚሰጣችሁን ድምር ከዚህ ጋር አስተያዩት። 4 ሺህ ካለ አንድ ቦታ ጭነት ረስታችኋል፤ 40 ሺህ ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጭናችኋል ወይም አሃድ ተምታቶባችኋል። ሁለተኛው አንድ ቢም ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ጭነቱ በሜትር 20 ኪሎ ኒውተን፣ ጫፎቹ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ጭነቱን በርዝመቱ ካሬ አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉ 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል። ኮለኖቹ ጫፉን ጠበቅ አድርገው ስለሚይዙት የኢታብሱ ቁጥር በመሃሉ ላይ ከዚህ ያንሳል። ከዚህ ከበለጠ ግን ለምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ታሪክ ይህን ለማስረዳት ይረዳኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1991 በኖርዌይ ስሌይፕነር ኤ የተባለ ግዙፍ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ለፍተሻ ውኃ ውስጥ እየተጠለቀ ሳለ ግድግዳው ተሰነጠቀና ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ሶፍትዌሩ ስሕተት አልነበረበትም። ባለሙያዎቹ ግድግዳዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ለስሌት ሲከፋፍሉት በሰፋፊ ቁራጭ ስለከፋፈሉት የመቆረጥ ኃይሉ ከእውነተኛው በ47 በመቶ ገደማ አንሶ ታየ፤ ግድግዳውም ሳስቶ ተሠራ። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተደገመው ስሌት መዋቅሩ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አመለከተ፤ የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነበር። እነዚያ ሰዎች የተማሩና የሠለጠኑ ነበሩ፤ አንድ ሰው ያንን ግድግዳ ለብቻው በወረቀት ቢገምተው ኖሮ ጥርጣሬ ይገባው ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአፋር፣ በፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰው ከፎቅ ወርዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ኢታብስን ስትከፍቱ የሚጠብቃችሁ ምርጫ የውጭ አገር ኮድ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የራሷ የሕንፃ ኮድ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በአውሮፓ ኮድ ላይ የተመሠረተውን አዲሱን የኢትዮጵያ ስታንዳርድ አወጣች። ሕንፃው የሚቆምበት ከተማ የትኛው የመንቀጥቀጥ ቀጠና ውስጥ እንደሚወድቅ፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ከመጽሐፉ አንብባችሁ የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። አቃቂ ዙሪያ ደግሞ ጥቁር አፈር ይበዛል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህንን የሚነግራችሁ የአፈር ምርመራው ነውና ሪፖርቱን ሳታነቡ ሞዴል አትጀምሩ።

ውኃ የምታጠኑ ካላችሁ ኢፓኔትን ያዙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሲሆን ለማንም ሰው በነፃ ነው፤ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ሽቅብ ተገፍቶ ነው ወደ መሃል ከተማ የሚሄደው። ለያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ያስፈልጋል። የ200 ሜትር ልዩነት ካለ ቧንቧው ውስጥ የሚባክነውን ሳትቆጥሩ 20 ባር ነው ማለት ነው። ይህን በአንድ ደረጃ መግፋት ይሻላል ወይስ በመካከል ማጠራቀሚያና ፓምፕ አድርጎ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዛችሁ ኢፓኔትን ብትከፍቱ በሁለት ሳምንት ትለምዱታላችሁ። የኤሌክትሪክ ልጆችም በዚሁ መንገድ ሂዱ፤ ባለ 15 ኪሎዋት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በሙሉ ጭነት ወደ 30 አምፔር እንደሚስብ በቃል ካወቃችሁ ሲሙሌሽናችሁ 300 ሲል ትደነግጣላችሁ፤ መደንገጣችሁም ተገቢ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚንቁትን ልናገር፤ ኤክሴልን። አንድ ተማሪ አንድ ሶፍትዌር ብቻ የመማር ዕድል ቢኖረው ኤክሴልን ይማር እላለሁ። የኮንስትራክሽን ቢሮ የሚተዳደረው በኤክሴል ነው፤ ቴክኦፉ፣ የፌሮ ዝርዝሩ፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱ። የፋብሪካ ጥገና ክፍልም እንደዚያው ነው፤ የትኛው ማሽን መቼ ቆመ፣ የትኛው ኩሽኔታ በስንት ሰዓት ሥራ ተበላ የሚለው እዚያ ይመዘገባል። የፌሮን ክብደት ለማወቅ ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል እንደሚበቃ ፎርማኑ ሁሉ ያውቃል፤ የ12ቱ ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን በአንድ አምድ ላይ ቀመር አድርጋችሁ ስትጽፉ የሙሉ ሕንፃ ፌሮ በደቂቃ ይወጣል። ግን ሥርዓት ይኑራችሁ። በየአምዱ አናት ላይ አሃዱን ጻፉ፤ ሚሊ ሜትር ይሁን ሜትር፣ ኪሎ ይሁን ኩንታል ይታወቅ። ቀመር ውስጥ ባዶ ቁጥር አትደብቁ፤ ዋጋ ሲለወጥ ማንም አያገኘውም። ሌላ ሰው ከፍቶት ያለ እናንተ ሊረዳው የማይችል ሠንጠረዥ ገና ያላለቀ ሥራ ነው።

ስለ ክራክ የምናገረው ከልቤ ነው። ከመርካቶም ይምጣ ከጓደኛ ፍላሽ፣ የተሰበረ ሶፍትዌር ጭኖ መማር የተለመደ ሆኗል። ሌላ መንገድ የሌለ ስለሚመስላችሁ እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ነገር ግን ሌላ መንገድ አለ። አውቶዴስክ አውቶካድንና ሌሎቹን ለተማሪና ለመምህር በነፃ የሚሰጥበት የትምህርት ፈቃድ አለው። ማትላብ ቢወደድባችሁ ኦክታቭ ነፃ ነው፤ የማትላቡን አብዛኛውን ትእዛዝ ይቀበላል። ለካርታ ኪውጂስ፣ ለመካኒካል ንድፍ ፍሪካድ፣ ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ኪካድ አለላችሁ። ፓይተን ከሁሉም ጋር ይሄዳል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መነሻውን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ክራክ ቫይረስ ያመጣል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በቫይረስ ያጣ ልጅ አውቃለሁ። ሌላው የከፋ ነገር ደግሞ የሌላ ሰው ድካም ያለ ክፍያ መውሰድ መልመዳችሁ ነው። ነገ የናንተን ዲዛይን ሌላው ያለ ክፍያ ሲገለብጠው ምን ትሉታላችሁ?

ላፕቶፕ የሌላችሁ ልጆች አትሸማቀቁ። ቀድሞ በወረቀት ገምቶ፣ በእጅ ስኬች አድርጎ ላቦራቶሪ የገባ ተማሪ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ ሌላው ማሽን ፊት ተቀምጦ ሲያስብ ይመሽበታል። ለሦስት ሆናችሁ በአንድ ላፕቶፕ መሥራትም ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲነድፍ ሌላው ልኬቱን ያረጋግጥ፣ ሦስተኛው ይጠይቅ። መብራት እንደሚጠፋ አውቃችሁ በየጊዜው ሴቭ አድርጉ፤ ፋይላችሁን በቀንና በቁጥር ሰይሙት፤ አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑራችሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ቢሮ ስትገቡ ሰው የሚያምናችሁ ወይም የማያምናችሁ በዚህ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ጥያቄ ስትጠይቁት ቀመሩን ጽፎ የሚመልስላችሁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራምም መጥቷል። ተጠቀሙበት፤ የማታውቁትን ትእዛዝ ለማግኘት፣ የፓይተን ስሕተት ለመፈለግ ይረዳል። ለሱም ሕጉ ያው ነው፤ መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ። ተማምኖ የሚናገር ሁሉ ትክክል አይደለም፤ ንድፉ ላይ የሚፈርመውም፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚጠየቀውም ሰው ነው።

የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካ ኃላፊዎች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪ ለተግባር ልምምድ ሲላክላችሁ ደብዳቤው ላይ ማኅተም አድርጋችሁ፣ ወንበር ሰጥታችሁ፣ ጊዜው ሲያልቅ አታሰናብቱት። ከመጋዘናችሁ አንድ የተሰበረ ዕቃ ስጡትና «ይህን ለክተህ ንድፉን አምጣ» በሉት። ብዙ ወጪ የለውም። ከአሥሩ አንዱ የሚሠራ ንድፍ ቢያመጣ እንኳ ከውጭ ልታስመጡት የነበረው መለዋወጫ እዚሁ ተሠራላችሁ ማለት ነው።

እናንተ ልጆቼ ደግሞ ዕድሉ እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚህ ሴሚስተር ወደ አንድ ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት ሂዱ፤ ተጥሎ የተቀመጠ ጊር ወይም ሻፍት ለምናችሁ ውሰዱ፤ ለኩት፣ ከምን ሥርዓት እንደሆነ ለዩት፣ ንደፉት። የሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ያንን ንድፍና የተቀረጸውን ዕቃ ይዛችሁ ግቡ።